ጀርባ ለጀርባ የቆሙት ጄኔራሎች

ዌንሹ የእማማ ጎንግን በር ላለማየት አንገቷን ደፍታ አለፈች፤ ሁለቱ ጄኔራሎች ግን አዩዋት። ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ፣ ሰይፍ የያዙ የወረቀት ጄኔራሎች ናቸው። በመንደሩ ውስጥ በየበሩ፣ በግራና በቀኝ ክንፍ ላይ ተለጥፈው ፊት ለፊት እየተያዩ ክፉ መንፈስ እንዳይገባ ይጠብቃሉ። የእማማ ጎንግ ብቻ ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። አንዱ ወደ ወንዙ ያያል፣ ሌላው ወደ ትምህርት ቤቱ። ዌንሹ ከየትም ብትመጣ ከአንዳቸው ዓይን አታመልጥም።

የለጠፈቻቸው እሷ ናት። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ከክፍል ጓደኛዋ ከማንታኦ ጋር እማማ ጎንግንና ባላቸውን ሊያግዙ ሄደው፣ እሱ ሙጫ ሲቀባ እሷ ወረቀቱን ትለጥፍ ነበር። ብርዱ ጣቷን ስላደነዘዘው ቸኮለች፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አደረገችው። በሦስተኛው ቀን የእማማ ጎንግ ባል፣ አባባ ጎንግ፣ ደጃፋቸው ላይ በረዶ አንሸራትቷቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀና ብሎ በሩን ያየው ያኔ ነው።

እማማ ጎንግ ከሁለቱ ማን እንደለጠፈው ጠየቁ። ዌንሹ ዓይኗን በጨው ታጥባ «ማንታኦ ነው» አለች። አባቷ እኮ እነዚህን ምስሎች እንጨት ላይ ቀርጾ የሚያትም ሰው ነው። የአታሚው ልጅ ግራና ቀኙን አታውቅም ከተባለ ማን ከእሱ ይገዛል? ማንታኦ እዚያው ቆሞ ነበር። አንዴ አያትና በዋዜማው እዚያ የተወውን የሙጫ ባልዲ አንስቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ጎንግ እሱ ባለፈ ቁጥር መጥፎ ዕድሉን ለማባረር ከኋላው ውሃ ይደፋሉ። የክፍሉ ልጆችም «ጄኔራል ጀርባ» የሚል ስም አወጡለት። «ጄኔራል ጀርባ፣ እኛ ቤት ድርሽ እንዳትል፣ አያቴን ትጨርስብኛለህ» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ዌንሹን የበላት ይሄ ሳቅ ነው። ወረቀቱን ገንጥላ እንዳትጥለው ደግሞ የተለጠፈ ጄኔራል ዓመቱ ሳይዞር አይነሳም።

ቤቷም አላስጠለላትም። የእነሱ በር ላይ ያሉት ጄኔራሎች በደንብ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ሆኖም በሩ በተዘጋ ቁጥር ዞረው ወደ ውስጥ የሚያዩ፣ እሷን የሚጠብቁ ይመስላታል። ፈርታለች።

የጥንቱን የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ንጉሡ መናፍስት እየጮኹበት እንቅልፍ ሲያጣ ሁለት ጄኔራሎቹን በሩ ላይ አቆመ፤ እነሱ ሲደክማቸው ሥዕላቸውን አስለጠፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቷ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ መናፍስቱ ንጉሡን ለምን እንዳሳደዱት ጠየቀችው።

«ወንድሞቹን ገድሎ ነዋ ዙፋኑን የያዘው» አላት መቅረጫውን ሳያቆም።

«ከዚያስ፣ ተኛ?»

«ለጥቂት ቀን። ከዚያ ጩኸቱ በጓሮ በር መጣ። እዚያም ሌላ ሰው አቆሙ።»

«ጩኸቱ ከቤት ውስጥ ቢሆንስ?»

አባቷ መቅረጫውን አስቀመጠ። ምን እንደሆነች ጠየቃት። ምንም አልሆንኩም አለችው፤ ይህም ውሸት ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእማማ ጎንግን በር አላለፈችም። አንኳኳች። ሲከፈት የፈላ መድኃኒት ሽታ አፍንጫዋን መታው። አባባ ጎንግ ከጓዳ ሲያቃስቱ ይሰማል።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ ጎንግ። «አንቺ እንኳን ትሻያለሽ። ያ ባለጌ አንድ ቀን እንኳ…»

«እማማ፣ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማንታኦ ሙጫ ብቻ ነው የቀባው። ዋሽቼ ነው።»

ዌንሹ ይጮሁብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጮሁም። የበሩን እጀታ እንደያዙ ወደ መንገዱ አዩ።

«ስንት ቀን ሙሉ ውሃ ስደፋበት» አሉ። «እሱን ይቅርታ ጠይቀሽዋል?»

«ገና ነኝ።»

እማማ ጎንግ በሩን ዘጉት። ሁለቱ ክንፎች ሲገጥሙ ጄኔራሎቹ እንደገና ፊቷ ላይ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ይቆማሉ። ዌንሹ ከለጠፈቻቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች፤ ቀለማቸው በበረዶው ትንሽ ለቋል።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። የቤቷን መታጠፊያ አልፋ፣ ማንታኦ ወደሚኖርበት ወደ ወንዙ ቀጠለች።