የዶክተር መሸሻ ብርድ

የሥነ ምግባርና የፖለቲካ ፍልስፍና መምህሩ ዶክተር መሸሻ ጎባ ውስጥ በተከራዩት ክፍል ሞተው ተገኙ። ከአልጋቸው ግርጌ የከሰል ምድጃ ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል።

ኢንስፔክተር ጁሀራ ቀና ብላ ነጩን ኮርኒስ ስታይ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«የባሌ ብርድ ነው፣ የከሰል ጭስ ነው! ምድጃው የጎረቤቷ አይደል? በቸልተኝነት ትከሰስና ዝጊው።»

«ጌታዬ፣ ኮርኒሱ...»

ዘጋባት። ስልኳን ኪሷ ከተተች።

እዚያው ግቢ የምትኖረው ሰቢሪና ታለቅሳለች። «ምድጃው የኔ ነው፤ በረንዳ ላይ ትቼው ነው የተኛሁት። ወላሂ እኔ አላስገባሁም! ልታሰር ነው?»

«ሲበርዳቸው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ጋቢ በጋቢ ላይ። የሃረና ጫካ በከሰል አለቀ ብለው ክፍላቸው አያስገቡም። እኔን ግን ተቆጥተውኝ አያውቁም።»

ባለሱቁ አብዲ በሐዘኑ መሀል ሳቅ አመለጠው። «ለዒድ አንድ ጆንያ ከሰል ሰጥቻቸው በአህያ ጭነው መለሱልኝ። ፈላስፋ ጎረቤት አያድርስ!»

የቀድሞ ተማሪያቸው፣ የዛሬው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ፀጋዬ ትናንት ማታ ሻይ አብሯቸው ጠጥቷል። «ብርድ አይችሉም ነበር» አለ። «እዚህ ክፍል ከሰሉን ስንቴ አብረን ሞቅን! ምስኪን፣ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሳይታተም ሄዱ።»

አለቃዋ ደግሞ ደወለ። አላነሳችም። ዙህር ሰግዳ ሦስቱንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«ኮርኒሱን እዩት። ጥላሸት የለውም፤ ከትናንት ማታ በፊት እዚህ ከሰል ነዶ አያውቅም። ታዲያ ምድጃውን ማን አስገባው? ሰቢሪናና አብዲ ዶክተሩ ከሰል እንደማይሞቁ በዓይናቸው አይተዋል፤ ‹አደጋ ነው› የሚያስብል ተንኮል በከሰል አይሠሩም። ይሞቃሉ ብሎ ያመነ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። አቶ ፀጋዬ፣ አብረን ሞቅን ያሉኝ የት ነው?»

ፀጋዬ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ። «ምን... ምን ምክንያት አለኝ?»

ሰቢሪና ብድግ አለች። «ፕሮፌሰር የሚያደርግዎት ጽሑፍ የሳቸው መሆኑን ሰኞ ስብሰባ ላይ ሊናገሩ ነበር! ‹ከጀርባው አላደርገውም፣ ለራሱ ነግሬዋለሁ› ብለውኛል።»

«የሻይ ብርጭቆው ምርመራ ሄዷል» አለች ጁሀራ። «በሻዩ አስተኝተዋቸው ነው ያቀጣጠሉት። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጫካ የሚጨርስ ከሰል አይነደድ የሚለውን እኮ እርስዎም ከሳቸው ወስደው ያስተምሩታል! ይህን ሁሉ ዓመት ሲያዳምጡ ምን ሰሙ?»

ፀጋዬ ምድጃውን አየ።

«ለክፍል ትምህርት ብቻ የሚሉት መስሎኝ ነበር።»

አብዲ ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ፤ ብርዱ ገባ።