የአንድ ሰዓት በረራ

የጋራዡ ባለቤት በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የክሪኩ ብረት አናቱን በርቅሶታል፤ ነፍሱ ከወጣች በኋላም የቀጠቀጡት ይመስላል። ባልደረቦቿ «የእርጎ ዝንብ» የሚሏት መርማሪ ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች። ሌባ እንዲህ አይመታም፤ እንዲህ የሚመታ የቅርብ ሰው ነው።

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ናት። አቅፋው ስለነበር ቀሚሷ በደም ርሷል። የሟች እናት ይህን አይታ «ልጄን የበላሽው አንቺ ነሽ» እያለች የምራቷን ፊት በጥፍሯ ዘነጣጠለችው፤ ልጆቹንም እንደምትነጥቃት ማለች። የመርማሪዋ አለቆች ደግሞ እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ሚስቲቱ ትታሰር ብለዋል።

መርማሪዋ ጠያየቀች። የጋራዡ መካኒክ ሰሞኑን የሟችን ጥፊ ቀምሷል፤ ቂም አላጣም። ቀኝ ክንዱ ግን ተሰብሮ በጀሶ ታስሯል፤ ያንን ብረት እንኳን ሊወረውር ሊያነሳውም አይችልም። ሚስቲቱ ባሏ ጠላት እንዳለው ስትጠየቅ አንገቷን ደፋች።

የሟች ታናሽ ወንድም በሌላ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ መስመርና ሰዓት አስሊ ነው። ወንድሙ ከቀትር በኋላ ሲገደል አየር ላይ እንደነበረ ነግሯት የከሰዓቱን ቲኬት አሳያት።

«ጉዞው እንዴት ነበር?»

«ምን እንዴት አለው? በአየር ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ሰዓት ገባን። ከዚያ በቀጥታ ወደ እናቴ መጣሁ።»

በዚያው አውሮፕላን ለሕክምና የመጣችው አክስቱ እዚያው እናቱ ቤት ጓዳ ተኝታለች፤ የምታስመልስበት ባልዲ ከአጠገቧ አልራቀም። ከእንግዲህ አገሬ የምመለሰው በእግሬ ነው እያለች ትምላለች። መርማሪዋ ሁለት ቦታ ስልክ ደወለችና መካኒኩንም ጨምሮ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ በረራው ስንት ሰዓት ፈጀ?» አለቻት አክስቲቱን።

«ሦስት ሰዓት ነዋ፣ ልጄ። ነጎድጓድ መንገድ ዘጋብንና ዞረን መጣን። እኔ ስደርስ ይሄ ልጅ እናቱን አቅፎ ያለቅስ ነበር። ከኋላዬ ተቀምጦ ቀድሞኝ የወረደ መስሎኝ!»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «አብረሃት ብትመጣ ስለ ነጎድጓዱ ታወራኝ ነበር። አንተ ግን ስሌትህን ነገርከኝ። ለቅሶ ቤት የገባኸው አውሮፕላኑ ገና ደመና ሲዞር ነው። ጠዋት በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ከጓደኞችህ ጋር መጥተሃል፤ አብራሪው አምኗል። የከሰዓቱ ወንበርህም ባዶውን መጥቷል።»

ያኔ ሚስቲቱ ቀና አለች። ወንድምየው ባሏ ሳይኖር እየመጣ በር እንደሚገፋባት፣ ወንድማማች እንዳታጋድል ፈርታ ዓመት ሙሉ አፏን እንደያዘች፣ በዋዜማው ግን አልችል ብላ ለባሏ እንደነገረችው ተናገረች። ባሏም በስልክ «ና፣ ፊት ለፊት እንነጋገር» ብሎት ነበር።

«ዝም ብትዪ ምን ነበረበት!» ብሎ ወንድምየው ዘሎ ጉሮሮዋን አነቃት። ዓይኗ ፈጠጠ። መካኒኩ በጀሶው ክንዱ ማጅራቱን ሲለው ጠረጴዛው ላይ ተዘረረ፤ ጥርሱ ረገፈ። መርማሪዋ በጉልበቷ ተጭና በካቴና አሰረችው።

እናትየው ልጇ ደም እየተፋ ሲወጣ አላየችውም። እየዳኸች ሄዳ የምራቷን እግር ያዘች።

«ልጆቹን ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ» አለቻት። «ሌላ ሰው የለኝም።»

ሚስቲቱ እግሯን ቀስ ብላ አስለቀቀችና የልጆቿን ጫማ ልታመጣ ገባች።