የተዋጠው ከረሜላ

ከረሜላ ሠሪው ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተዋል። መዳፋቸው ውስጥ ተነክሶ የቀረ የሎሚ ከረሜላ፣ ጭናቸው ላይ አረንጓዴ መጠቅለያ ወረቀት አለ። ሐኪሙ መርዝ ነው፣ ያውም ከከረሜላው ጋር አብሮ የፈላ ብሏል። መርማሪዋን የጠራት የሟቹ ታናሽ ወንድም በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ዛሬ ቀምሰው ሊመርጡ ነበር» አላት። «ስኳሩን የሚተካው ፋይበር ከየትኛው ተክል ይውጣ በሚል ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። ልጃቸው ከበቆሎ፣ ሠራተኛዋ ቺኮሪ ከሚሉት ተክል ሥር። የተመረጠላት ቤቱን ትረከባለች።»

«አንተስ?»

«እኔማ ካሳቫ ባመጣ ‹ይሄ ሙጫ ነው› ብለው አባረሩኝ።»

ልጅየዋ ማሸጊያው ክፍል ውስጥ ነበረች። ጥያቄም አልጠበቀች።

«ወረቀቱን አይተውታል? አረንጓዴው የዚያች የባለሥሯ ሠራተኛ ነው። የእኔ ቢጫ ነው።»

«አትዋደዱም?»

«አባዬ እኔን በስሜ ይጠራኛል፣ እሷን ‹ልጄ› ይላታል። ሰው ፊት። ትናንት የመጣች ሴት አባቴን ቀማችኝ።»

እርር ድብን ብላለች፤ ሐዘኑ እንኳ ቅናቷን ሊሸፍንላት አልቻለም።

ሠራተኛዋ ምድጃው አጠገብ ታለቅሳለች። «ወረቀቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን ጋሼን እኔ? ምን ጎድሎብኝ?»

«አንቺስ በልጃቸው አትቀኚም?»

«እቀናለሁ» አለች። «የፈለገ ‹ልጄ› ቢሉኝ፣ ሲመሽ ቤት የሚገቡት ከእሷ ጋር ነው።»

መርማሪዋ ሁለቱም ከረሜላቸውን ዓይኗ እያየ እንዲሠሩላት አዘዘች። ሁለቱም ሎሚውን ድስቱ ውስጥ አፈሉት፤ የቤቱ ደንብ ነው። ሲቀዘቅዝ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«የቺኮሪ ፋይበር ከሎሚ ጋር ሲፈላ ይፈርሳል። ጣዕሙ ይጨምራል፣ ከረሜላው ግን ይለሰልሳል።» የሠራተኛዋን ከረሜላ በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጎደጎደ። «በቆሎውን ግን ሎሚ አይበግረውም።» የልጅየዋን በማንኪያ ስትመታው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቀጥላ ከሟቹ መዳፍ የወሰደችውን ግማሽ አስቀመጠች። ጠርዙ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ስል ነው።

«ወረቀቱ የቺኮሪ፣ ከረሜላው የበቆሎ። የበቆሎውን ድስት ማን ይነካል?»

«የነካ እጁን ነው የምትቆርጠው» አለ የልጅየዋ አጎት፤ ወዲያው ያለው ነገር ገብቶት አቀረቀረ።

«አባዬ እኮ ቀምሶ ይተፋል» አለች ልጅየዋ። «ሁልጊዜ ይተፋል። በእሷ ወረቀት የጠቀለልኩት ትንሽ አሞት እሷን እንዲያባርርልኝ ነበር እንጂ፣ አባዬን ልገድል አይደለም።»

«ያልወደዱትን ነው የሚተፉት» አለች ሠራተኛዋ ቀስ ብላ። «የመረጡትን ይውጡታል። አታውቂም ነበር?»

አታውቅም ነበር። ዓይኗ አረንጓዴው ወረቀት ላይ ተተከለ።

«የእሷ መስሎት ነው የዋጠው? ወይስ የእኔ መሆኑን አውቆ?» አጎቷን አየች፣ መርማሪዋን አየች። በመጨረሻ ወደዚያች ዓይኗን ማየት ወደማትፈልገው ሴት ዞረች። «አንቺ ታውቂዋለሽ። ንገሪኝ፣ በእናትሽ።»

ሠራተኛዋ መልሱን ታውቀዋለች። ጋሼ ወረቀት አይተው አያውቁም፤ የልጃቸውን የእጅ ሥራ ገና ከረሜላውን ሲነክሱ ነው የሚለዩት። የልጅየዋ እጅ በካቴና ሲታሰር ቆማ አየች፣ እንባዋንም ጠረገች። ግን አልነገረቻትም።