የማፍጠሪያው ቸርኬ

«ምቺው እንጂ!» አሉ አቶ ሽፈራው። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሀናን የፌሮ ቁራጩን በእጇ እንደያዘች አልተንቀሳቀሰችም። ከኮሌጁ ካፌ በረንዳ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቀና ብላ አየች። ከከተማዋ በላይ ያለው የሐኪም ጋራ አናት ገና ፀሐይ አለው።

«ቲቸር፣ ይሄ ከተመታ ሰው ወደ ሜዳ አይሄድም» አለች። «ወደዚህ ነው የሚመጣው።»

«እንዴት ወደዚህ ይመጣል? እሳቱ እዚህ ነው!»

«እኔም እሱን ነው የምልዎት።»

እሳት ያሉት ከካፌው ጓሮ፣ በርሜል ውስጥ የሚጨስ እርጥብ ቅጠልና የጎማ ቁራጭ ነበር። አቶ ሽፈራው የኮሌጁ የሰልጣኞች ጉዳይ ኃላፊና የአደጋ ዝግጁነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ለዛሬው ልምምድ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰዋል። አንገታቸው ላይ ፊሽካ፣ እጃቸው ላይ ሜጋፎን አለ። የሰደርያው ጀርባ «ደኅንነት» ይላል፤ የዋጋው ወረቀት ግን ገና አልተነሣለትም።

ልምምዱ የታሰበው ለጠዋት ነበር። ከክልሉ ቢሮ የተጠበቁት እንግዳ ግን የደረሱት ወደ ማምሻው፣ የዐስር ሶላት ካበቃ በኋላ ነው። ሲደርሱም ንግግር ተደረገ። አቶ ሽፈራው ስለ ዝግጁነት ተናገሩ። እንግዳው ስለ ዝግጁነት ጥቅም ተናገሩ። አቶ ሽፈራው ደግሞ ተነሥተው ስለ እንግዳው ንግግር ጥቅም ተናገሩ። በመጨረሻ ሁሉም ወጥቶ የአዲሱ ሳይረን ማብሪያ ሲነካ፣ ሳይረኑ ጭጭ አለ። መብራት ጠፍቷል። ለአደጋ ጊዜ የተገዛ ሳይረን መብራት በጠፋ ጊዜ እንደማይጮኽ ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ አላሰበበትም። ለግቢው ሁሉ የሚሰማ ድምፅ ያለው ነገር ቸርኬው ብቻ ነበር።

የቸርኬው ነገር እንዲህ ነው። ሐረር አዛን አያጥራትም፤ ይበዛባታል እንጂ። ጀጎል ውስጥ ያለው መስጊድ ሁሉ ይጣራል፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ባለፈው ረመዳን የዶርም ልጆች «አዛን ብሏል»፣ «ኧረ አላለም» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ፣ ቀድሞ የደረሰው ሾርባውን ያጋብሰው ነበር። ዘንድሮ ተስማሙ። አንድ ሰው ብቻ ይሰማል፤ አንድ ሰው ብቻ ይመታል፤ ሁሉም አብሮ ያፈጥራል። የተመረጠችው ሀናን ናት፤ ከድሬ ጠያራ የመጣች የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሰው ፊት ለመናገር የምትፈራ። ለምን እሷ ሲባል፣ የዶርም ጓደኛዋ ሳዳ «ሀናን ቢርባትም አትዋሽም» አለች። በዚሁ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የቸርኬው ድምፅ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቴምርሽን ዋጥ አድርጊና ወደ ካፌ ሩጪ።

«ስሚ» አሉ አቶ ሽፈራው፣ በዐይናቸው እንግዳውን እየተከታተሉ። «የአደጋ ድምፅ የአደጋ ድምፅ ነው። ማስታወቂያ ለጥፈናል።»

«ማስታወቂያውን ማን ያነበዋል፣ ቲቸር?»

«ያ የአንባቢው ችግር ነው። ምቺ ብያለሁ!»

እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ። የኮሌጁ ካሜራማን ቢኒያም ካሜራውን ወደ ሜዳው አዞረ። ሀናን ከንፈሯን ነከሰች፤ መታችም።

የዶርሙ በሮች አንድ ላይ ተበረገዱ። ጉንጫቸው በቴምር ያበጠ ሴቶች፣ ነጠላ ጫማቸውን በአንድ እግር ያጠለቁ ወንዶች፣ ሳህን ያንጠለጠሉ፣ ውኃ የያዙ፣ ሁሉም ወደ ካፌው ጎረፉ። ሜዳው ላይ «መሰብሰቢያ ቦታ» የሚለው ሰሌዳ ብቻውን ቆሞ ቀረ። አቶ ሽፈራው በሜጋፎኑ «ወደ ሜዳ! ወደ ሜዳ!» አሉ። ሜጋፎኑ ግን የጮኸው የራሱን ፉጨት ነበር። ጭሱ ከጓሮ ዞሮ በረንዳውን ሞላው። ከፊት ያሉት ሲያስላቸው ቆሙ፤ ከኋላ ያሉት ሾርባ እንዳያመልጣቸው ገፉ። በሩ ላይ አንድ ሰው ወደቀ። በእጁ ላይ ሌሎች ተረማመዱ።

የወደቀችው ሳዳ ነበረች።

«እጄን! እጄን!» አለች።

ባሲጥና ሁለት ጓደኞቹ ሰደርያቸውን ለብሰው ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ባሲጥ የኮሚቴው የተማሪዎች ተወካይ ነው፤ ሰደርያው ከተሰጠው ጀምሮ ክፍልም የሚገባው ለብሶት ነው።

«ዋው!» አለ። «ትወናሽ ይገርማል፣ ወላሂ። አንቺ ነሽ ተጎጂዋ?»

«ምን ትወና ነው! ተሰብሯል እኮ!»

«እንደሱ በይ፣ እንደሱ በይ። ቢኒ፣ ቀረጽከው?»

አንደኛው ልጅ ቀኝ እጇ ተጣሞ እያየ የግራ እግሯን በፋሻ ጠቀለለላት። ባሲጥ ግንባሯ ላይ የ«ከባድ ጉዳተኛ» ቀይ ካርድ ለጠፈ። ሀናን ሰውን እየገፈተረች ደርሳ ካርዱን ከሳዳ ግንባር ላይ ላጠችው።

«አቦ፣ ልምምዱን አታበላሺብን!» አለ ባሲጥ።

የኮሌጁ መኪና እንግዳውን ሊያደርስ ተነሥቶ ነበር። እንግዳው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «የተሳትፎው ስሜት የሚያስደንቅ ነው» አሉ። አቶ ሽፈራው እጅ ነሡ። ሀናን ሳዳን ደግፋ የግቢው በር ላይ ባጃጅ ለመነች።

ከሆስፒታል ሲመለሱ የሳዳ ቀኝ እጅ እስከ ክርኗ በጄሶ ተጠቅልሏል። ሳዳ የምትማረው ስፌት ነው። የተግባር ምዘናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«በግራ እጄ ኮሌታ ልሰፋ?» አለች፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ። ልትስቅ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም።

«ያራዝሙልሻል። በእነሱ ልምምድ ነው የተጎዳሽው።»

«እነሱ? ‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ› ይባላል። የእኛዎቹ እኮ ይብሳሉ፤ ጅቡን ራሳቸው ናቸው የጠሩት።»

ከማዶው አልጋ ቡሽራ ብርድ ልብሷን ገልጣ ቀና አለች። «የጠራችውስ ሀናን ናት። ፀሐይ ሳትጠልቅ አስበላችን። ዶርሙ በሙሉ ቀዷ አለበት፤ ቀኑን መልሶ ሊጾም ነው። ‹ቢርባትም አትዋሽም› ሲባል ሰምቼ ነበር እኔ!»

«ታዘዤ ነው» አለች ሀናን።

«እጁ ግን ያንቺ ነው» አለች ቡሽራ፣ ብርድ ልብሷን መልሳ እየተከናነበች።

ሀናን አቶ ሽፈራውን ናቀቻቸው። ባሲጥን ናቀችው። ያንን ሰደርያ፣ ያንን ሜጋፎን፣ ያንን ብቻውን የቆመ ሰሌዳ ናቀች። ንቀቱ ግን እየዞረ ተመልሶ የሚያርፈው የፌሮውን ቁራጭ በያዘችበት እጇ ላይ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ያወቀችው እሷ ነበረች። አውቃ መታች።

በማግስቱ አቶ ሽፈራው ቢሯቸው አስጠሯት። ባሲጥ ከጎናቸው ቆሟል፤ ከነሰደርያው።

«እ፣ ሀናን። የትናንቱ በጣም ጥሩ ነበር» አሉ አቶ ሽፈራው። «ሰው በፍጥነት መውጣቱን አሳይቷል።»

«የወጣው ወደ እሳቱ ነው፣ ቲቸር።»

«የአቅጣጫ ጉዳይ ዝርዝር ነው፤ ይስተካከላል። አሁን ያለብን ችግር ምስሉ ነው። ቢኒያም ሜዳውን ሲቀርጽ ሜዳው ላይ ሰው የለም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ከማፍጠሪያ በፊት በድጋሚ እንቀርጻለን። ባሲጥ ልጆች ሜዳው አጠገብ ያዘጋጃል። አንቺ ትመቻለሽ፣ እነሱ ይሮጣሉ። ከዚያ አንቺ ለካሜራው ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ፤ ተማሪው ተረጋግቶ እንደወጣ፣ የተጎዳ ሰው እንዳልነበረ።»

«ሳዳስ?»

አቶ ሽፈራው ባሲጥን አዩት።

«ሳዳ የወደቀችው ዶርም ደረጃ ላይ ነው» አለ ባሲጥ። «እየሮጠች። በራሷ ጥፋት።»

«ዶርማችን ደረጃ የለውም።»

ባሲጥ ጣሪያውን አየ። አቶ ሽፈራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቼም ልጅቷ የሆነ ቦታ ወድቃለች» አሉ። «ልምምዱ ላይ ተጎዳች ከተባለ ግን ልምምዱ አደጋ አደረሰ ሊባል ነው። የአደጋ ዝግጁነት ኮሚቴ ራሱ አደጋ አደረሰ ይባላል? ይሄ ለኮሌጁ ስም አይሆንም። አንቺ ደግሞ ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ ነሽ። ሰው ያምንሻል።»

«ምዘናዋን ታራዝሙላታላችሁ?»

«በራሱ ጥፋት ለወደቀ የሚራዘም ምዘና የለም» አሉ። «ደንብ ነው።»

ሀናን «እሺ»ም «እንቢ»ም ሳትል ወጣች።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ሁሉም በየቦታው ነበር። ሜዳው ጥግ የባሲጥ ልጆች ልክ ሩጫ እንደሚወዳደሩ ተደርድረዋል። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ራሱን ይቀርጻል። ቢኒያም ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ በረንዳውንም ሜዳውንም እንዲይዝለት አድርጓል። በዶርሙ መስኮት የሳዳ ነጭ ጄሶ ይታያል።

«ዝግጁ?» አሉ አቶ ሽፈራው በሜጋፎኑ። ዛሬ ሠራ። «ሀናን፣ ምቺ!»

ሀናን የሐኪም ጋራን አናት አየች። ፀሐይ አለች። የፌሮውን ቁራጭ ከተሰቀለበት አወረደች፤ ወደ አቶ ሽፈራው ሄዳ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው፣ ለትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጥ።

«እርስዎ ይምቱት» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እኔ የምመታው ለማፍጠሪያ ነው። ገና አልደረሰም።»

የዘረጋችው እጇ አልታጠፈም። አቶ ሽፈራው ካሜራውን አዩ። ካሜራው ያያቸዋል። ፌሮውን ነጥቀው ቸርኬውን በንዴት ወቀሩት።

የባሲጥ ልጆች ወደ ሜዳው መሐል ሮጡ። በዚያው ቅጽበት የዶርሙ በሮች ተበረገዱና ሌላው ሕዝብ ቴምሩን በእጁ፣ ሳህኑን በብብቱ ይዞ በካሜራው ፊት አቋርጦ ወደ ካፌው ጎረፈ። ከሁሉ ፊት ቡሽራ ነበረች። በረንዳው ሥር ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ከቸርኬው አጠገብ የቆሙት አቶ ሽፈራው ናቸው። ቴምሩ ከአፏ አፋፍ ተመለሰ።

«ወደ ሜዳ! አደጋ ነው!» አሉ አቶ ሽፈራው።

ማንም አልዞረላቸውም። ቡሽራ ዐይኗን ወደ ሀናን መለሰች። ከኋላዋ ያሉትም እንደዚያው።

«ሀናን» አለች ቡሽራ። «ደርሷል?»

ሀናንን ይህን ያህል ዐይን አንድ ላይ አይቷት አያውቅም።

«አልደረሰም» አለች።

ቴምሮቹ ሁሉ ወደ መዳፍ ተመለሱ። አንድም ሰው «እንዴት አወቅሽ?» አላለም። ሰዉ በረንዳው ሥር በየቦታው ቁጭ ቁጭ አለ፤ እሷን እየጠበቀ። ሜዳው መሐል የባሲጥ ልጆች ብቻቸውን ድነው ቆመዋል።

ቢኒያም ሳቁን ሊውጥ እየታገለ ካሜራውን ወደ ሀናን አዞረ። «ሁለት ቃል ትናገሪያለሽ ተብሏል» አለ። «ልተወው?»

«አጥፋው!» አሉ አቶ ሽፈራው።

ሀናን መስኮቱን አየች። ሳዳ ጄሶዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ታያታለች።

«ድምፁ ይሰማል?» ስትል ቢኒያምን ጠየቀችው።

«ይሰማል።»

«ሳዳ የወደቀችው እዚህ በር ላይ ነው» አለች ሀናን። «ቸርኬውን የመታሁት እኔ ነኝ።»