በቢጫ ቱታ የሄደችው ሴት

ሻምፒዮኗ ከስታዲየሙ ጥላ ፎቅ ጀርባ፣ በሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው በጎኗ ወድቃ ተገኘች። በእርምጃ ውድድር ለዓመታት ማንም ያልደረሰባት፣ ሳትሮጥ በመራመድ ብቻ ብዙ አገር የዞረች ሴት ነበረች። ውድድር ካቆመች ወዲህ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ወጣቶችን ታሠለጥናለች። የለበሰችው ስስ ካናቴራና የቱታ ሱሪ ብቻ ነው። ከሩቅ የምትታወቅበት ቢጫ የቱታ ጃኬቷ ደግሞ በደረጃው አናት፣ ከብረቱ መደገፊያ ላይ፣ ትከሻው ተስተካክሎ ተሰቅሏል።

መርማሪው ደረጃ የማይወድ ወፍራም ሰው ነው። እያለከለከ ወጣና ጃኬቱን አገላብጦ አየው። እጅጌው ነትቧል፤ ዚፑ ግን አዲስ ነው። ወደ ላይ ሳበው፣ ወደ ታች መለሰው። ያለ ችግር ይሄዳል። ከዚያ ወርዶ ሐኪሙ አጠገብ ቆመ። ሐኪሙ አንገቷ ተሰብሮ መሞቷን፣ ክንዷ ላይ የጣት ምልክት ስላለም ሰው ገፍቷት ሳይሆን እንደማይቀር ነገረው። ሰዓቱን ግን ጎህ ከመቅደዱ በፊትም ሊሆን ይችላል፣ ትንሽ ቆይቶም ሊሆን ይችላል ከማለት በቀር ቁርጥ አድርጎ ሊናገር አልቻለም። መርማሪው ጎንበስ ብሎ እግሯን ሲያይ ግራ ተረከዟ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ሰዓቱን ቁርጥ ያደረጉት ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ የእርምጃ ዳኛ ናቸው። ስፖርተኛው ሁሉ «ጋሽ ቀይ ካርድ» ይላቸዋል። ዘወትር ማለዳ ሻያቸውን ይዘው በረንዳቸው ላይ ይቀመጡና የመሮጫውን መም ቁልቁል ያያሉ። ያን ዕለትም ጎህ ሲቀድ ሻምፒዮኗ ቢጫ ጃኬቷን ለብሳ ስትዞር፣ በኋላም ወደ ጥላ ፎቁ ጀርባ ስትገባ ማየታቸውን ተናገሩ። እንግዲህ የሞተችው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህ ምስክርነት ያረፈው አንዲት ልጅ ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት የሟች ባል፣ የክለቡ ወጌሻ፣ ከተጫዋቾች ጋር አውቶቡስ ውስጥ ነበር። የክለቡን ልብስ የምትሰፋው ታላቅ እህቷ፣ ሱቁ በማለዳ ከተከፈተ ጀምሮ ክር መሸጫው ውስጥ እንደነበረች ባለሱቁ መስክሯል። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ከጎረቤት ሾፌር ጋር ያወራ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ብቻዋን የነበረችው አስከሬኑን አግኝታ የጮኸችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት፤ የሻምፒዮኗ የእህት ልጅም፣ ተማሪም። በዚያ ላይ ከአንድ ቀን በፊት አክስቷ ከሚመጣው ውድድር ስላስወጣቻት ሰው እየሰማ ተጨቃጭቀዋል። የመርማሪው ረዳት ልጅቷን ይዞ ሊሄድ መኪናውን አስነሥቶ ነበር። መርማሪው እስከ ምሳ ሰዓት ታገሠኝ አለው።

ልጅቷ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ከወትሮዋ ቀድማ የመጣችው አክስቷን ይቅርታ ለመጠየቅ እንደነበር ተናገረች።

«ስትገቢ አክስትሽ መሙ ላይ ነበረች?»

«ማንንም አላየሁም።»

«ዘበኛው ግን መግቢያው ላይ ቆመሽ ወደ መሙ ስትመለከቺ እንደነበር ነግሮኛል።»

«ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።»

«ጫማ የሚያስር ሰው ወደ ታች ነው የሚያየው፣ ልጄ።»

«እኔን ውሰዱኝና ይለቅ» አለች ልጅቷ።

ባልየው ስፖርተኞችን በሚያሽበት ክፍል ውስጥ ፎጣ ያጥፋል። ክፍሉ የቅባት ሽታ አለው። ያጠፈውን ይፈታና እንደገና ያጥፋል። ሰው ሁሉ በሚስቱ ይቀናበት እንደነበር፣ የሚቀናው ግን እሱ መሆኑን ለመርማሪው ነገረው። «ድሮ በመንገዱ እቀና ነበር፣ አሁን ደግሞ በዚች ልጅ። ቤት ስትገባ ወሬዋ ልጅቷ፣ ስትተኛም ልጅቷ።»

«ተረከዟስ ምን ሆኖ ነው?»

«ትናንት ማታ እኔው ነኝ የጠቀለልኩላት። አጥብቃ መርገጥ አትችልም። ስታነክስ ተማሪዋ እንዳታውቅባት ብላ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።»

«ጠዋት ስትወጣ ምን ለበሰች?»

«ያንኑ ቢጫ ጃኬት። ዚፑ ተበላሽቶ በእጇ ገጥማ ይዛው ነው የወጣችው። አሁንስ ቀይሪው ብላት፣ ስሞት አንተ ትቀይረዋለህ አለችኝ።» ሊስቅ ጀምሮ ፊቱን ፎጣው ውስጥ ቀበረ።

የታላቅ እህቲቱ የስፌት ክፍል ሁለት በር አለው፤ አንዱ በደረጃው አናት፣ ሌላው ወደ ላይኛው መንገድ ይከፈታል። መርማሪው ሲገባ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የማልያ ጠርዝ ትሰፋ ነበር። እጇ ካረፈ ሐሳብ እንደሚገድላት ተናገረች። እህቷን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በዓይኗም እንዳላየቻት ነገረችው።

«እርስዎም ይወዳደሩ ነበር አሉ።»

«እኔ ነኝ ያስጀመርኳት። በማጣሪያው ከፊት የነበርኩት እኔ፣ ከኋላዬ እሷ። የመጨረሻው ዙር ላይ ዳኞቹ አስወጡኝ። እሷ አልፋኝ ሄደች፣ እኔ የስፌት መኪና ገዛሁ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ልጄ እንኳ እርምጃ ሲያምራት ወደ እኔ አልመጣችም። አክስቴ እንዲህ አለች፣ አክስቴ እንዲያ አለች። እኔ የማውቀው ነገር ያለ አይመስላትም።»

ለምን እንዳስወጧት ሲጠይቃት፣ የጥፋት ካርድ የጻፉብኝን ሽማግሌ ዳኛ ጠይቋቸው ብላ መኪናዋን አሽከረከረች።

መርማሪው የሽማግሌውን ፎቅ ሲወጣ ሁለቴ አረፈ። የጠየቃቸው ግን ስለ ታናሺቱ ነበር። ማንን እንዳዩ ነግረውታል፤ አሁን እንዴት ስትራመድ እንዳዩአት እንዲነግሩት ፈለገ።

ሽማግሌው ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሙት መውቀስ ይሆንብኛል እንጂ አረማመዷ አላማረኝም። ፍጥነቷ ደህና ነው። ግን ቀኝ እግሯ መሬት ሲነካ ጉልበቷ አይዘረጋም፣ ይታጠፋል። በእኛ ሕግ ይሄ ሩጫ ነው። ውድድር ቢሆን እጽፍባት ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ አዘንኩላት።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ ጉልበቷ ብረት! የእሷ ጥፋት ሌላ ነው፤ ስትፈጥን ሁለቱም እግሯ ባንዴ ከመሬት ይነሣል። የጻፍኩባት ሁሉ ለዚያ ነው። በጉልበት ግን አንድም ቀን።»

ከምሳ በፊት አራቱንም መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባልየው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ለሽማግሌው ወንበር መጣላቸው። እናትና ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተራርቀው ተቀመጡ፤ ረዳቱ በሩን ይዟል።

መርማሪው ከተረከዙ ጀመረ። ማታ መርገጥ ያቃታት ሴት ጎህ ሲቀድ ያን ያህል ፈጥና ልትዞር አትችልም። «ስለዚህ ጋሼ ያዩት ጃኬቱን ነው እንጂ እሷን አይደለም። እሷ ያን ጊዜ ደረጃው ሥር ወድቃ ነበር። ጃኬቱን የለበሰችው ሴት ጋሼ በረንዳ ላይ እንደሚቀመጡ ታውቃለች። የተረከዙን ነገር ግን አልሰማችም።»

ባልየው ከግድግዳው ተላቀቀ።

ይህ ማስመሰል የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ለታየ ሰው እንደሆነ መርማሪው ቀጠለ። ልጅቷን አይጠቅማትም፤ የሚያሳስራት እሱ ነው። ባልየው የተረከዙን ነገር ያውቃል፤ ያውም አውቶቡስ ሙሉ ሰው አብሮት ነበር። «ደግሞም እሱና እኔ በዚህ ቦርጫችን ማንንም አናታልልም። እንደ ሻምፒዮን መራመድ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ጃኬት ይለበሳል፣ የክንድ ውዝዋዜም ይቀዳል። ጉልበት ግን እንደለመደው ነው። ጋሼ፣ ታላቂቱን ከማጣሪያው ያስወጣችኋት በምን ነበር?»

ሽማግሌው ጭናቸው ላይ ያለውን ኮፍያ አዩ። «በቀኝ ጉልበት» አሉ። «ሦስት ዳኞች ጻፍንባት። የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ።»

«ጉልበቱ የሚታጠፍ ሰው ሞልቷል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ሞልቷል። ጠዋት ተበላሽቶ ከቤት የወጣውን ዚፕ፣ ስታዲየሙ በሩን በወጉ ሳይከፍት የሚቀይር ሰው ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት አለ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላየኋትም ብለውኛል። ዘበኛው ሳያይ ወደ ክር መሸጫው የሚያወጣው በርም የእርስዎ ክፍል ውስጥ ነው።»

ሴትዮዋ እጆቿን ገልብጣ መዳፏን አየች። ከዚያ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ረጋ ብላ ተናገረች። እህቷ ጃኬቱን ይዛ በጨለማ መጥታ ነበር። እሷ ዚፑን ስትቀይር ታናሺቱ ስለ ልጅቷ ታወራለች፤ ከውድድሩ ያስወጣቻት አረማመዷን መጀመሪያ ልታስተካክልላት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮም እሷ ቤት ብትኖር ይሻላል።

«‹እትዬ፣ ከእኔ ጋር ትኑር። ጉልበቷ እንዳንቺ ሳይበላሽ ልያዛት› አለችኝ። ዚፕዋን እየሰፋሁላት።»

ታናሺቱ ጃኬቱን ሳትወስድ ወጣች። ታላቂቱ ተከትላት ወጥታ ደረጃው አናት ላይ ክንዷን ያዘቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቃትም። ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺ በዚያ ሰዓት አትመጪም ነበር።»

«ዛሬ መጣሁ።»

«አይተሽኛል?»

«በጉልበትሽ ነው ያወቅኩሽ።» ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች። «የእሷን ጃኬት ለብሰሽ ልምምድ የጀመርሽ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁሽ፣ እማ። ከዚያ ደረጃው ጋ ስደርስ...»

እናትየው አግዳሚው ላይ ወደ ልጇ ተጠጋች። ፊቷ ላይ ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ ብዙ ዓመት የጠበቀችውን የተቀበለች ሰው መሰለች። «ልትታሰሪልኝ ነበር። ለእናትሽ ብለሽ ዝም አልሽ።»

ልጅቷ እጇን ሰበሰበች።

«ለእሷ ብዬ ነው። የገዛ እህቷ ገደለቻት ተብሎ ስሟ እንዳይነሣ።»

ረዳቱ ቀርቦ የሴትዮዋን ክንድ ያዘ። እሷ ግን ወዲያው አልተነሣችም።

«ሞታም ቀደመችኝ» አለች።