የበራው የጣዎሱ ዓይን

ሽማግሌው ባባቶሽ ሳንትራ ከቀርከሃው ማገር ጀርባ በጎናቸው ወድቀው፣ ቀኝ እጃቸው ወደ አምፖሎቹ ገመድ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ከበላያቸው አንድ ፎቅ የሚያህል የቀርከሃ ጣዎስ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። አካሉ ሁሉ አምፖል ነው፤ አንዱም ግን አይበራም።

ኢንስፔክተር ማንዳኪኒ ሳርኬል ከሰፈሩ የበዓል ክበብ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ አላላች። እመቤት የምትባለው አምላክ የጃጋዳትሪ የመብራት በዓል ሲቃረብ የሕንዷ ቻንደርናጎር ውስጥ የፖሊስ እግር እረፍት አያውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ወንዙ ዳር ሰው ስትገፋ፣ ስትለምን፣ ስትቆጣ ውላለች። ጡረታዋ ደርሷል፤ ሬሳ ማየትም ሰልችቷታል። የደከመው ጉልበቷ እንጂ ዓይኗ አልነበረም።

«ማነው ያገኛቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ዲዲ፣ እህቴ» አሉ የክበቡ ጸሐፊ ሃራዳን ኮሌ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ወፈር ያሉ ሰው ናቸው። «የምንቆረጥመው የፈካ ሩዝ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ባባቶሽ ወድቋል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁ፤ ከዚያ ጠራሁት። ዕድሜ ልኬን ስጠራው ‹ምን ታገሳለህ፣ አንተ በሬ!› ይለኝ ነበር። ዛሬ ዝም አለኝ።»

«አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ተመለሰ። እኔ ሱቅ በር ላይ ነበርኩ።»

ቀጥሎ የቀረበው ፕራሱን ነው። መሐንዲስ ነው፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ አንድ መጨማደድ የለም። ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ጣዎሱን ለደስታው ይሠራል።

«መብራቱ ሳይጠፋ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት፣ ማዳም። ጩኸት ሰምቼ ተመለስኩ።»

«ምን ገደላቸው ትላለህ?»

«ይሄማ ግልጽ ነው። ያ ለፍላፊ ቺፕ ነዋ! መብራት ሲመለስ በርግጎ ተነስቶ ያገኘውን ሁሉ ያበራል። ካኩ፣ አጎታችን፣ ደግሞ ገመዱን ጨብጠዋል። ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ምክር አይሰማም።»

ማንዳኪኒ አመሰገነችውና ወደ ሃራዳን ተመለሰች። «ዳዳ፣ ወንድሜ፣ እስቲ እንደ አላዋቂ ያስረዱኝ። ለፍላፊ ማለት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከኮምፒውተሩ የሚወጡት ጥቂት ሽቦዎች ናቸው፤ የአምፖሉ መስመር ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ትእዛዙን ተቀብሎ ለየመስመሩ የሚያከፋፍል ቺፕ ያስፈልጋል። እኔ የለመድነው፣ ለፍላፊው፣ ይሁን አልኩ። እሱ አንዱ ካንዱ እንደ ሰንሰለት ይቀጠላል፣ ፈጣን ነው። ክፋቱ፣ ኃይል ሲያገኝ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ለቅጽበት ይለፈልፋል፤ እዚህም እዚያም ያበራል። ባባቶሽ ዝምተኛውን መረጠ። ዝምተኛው ኃይል ቢያገኝም ካላዘዙት አፉን አይከፍትም። ‹ካንተ ጋር ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ ሁለት ለፍላፊ አልችልም› አለኝ።»

«በመጨረሻ የትኛውን ሰኩ?»

«ዝምተኛውን ነዋ! ዛሬ ከሰዓት፣ ሁላችን እያየን። ተማምኖበት እኮ ነው ማጥፊያውን ሳያጠፋ ገመድ የሚነካው።»

ማንዳኪኒ ቺፑ ወዳለበት የመቆጣጠሪያ ሣጥን ሄደች። የሣጥኑን ክዳን አስከፈተች። ውስጥ የተሰካውን ቺፕ ሃራዳን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ለፍላፊው ነው። ከኔ መሳቢያ ነው የወጣው። መሰኪያቸው አንድ ስለሆነ...» ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ስወጣ ቀየረው ማለት ነው። ስነዘንዘው ሰንብቼ እሺ ብሎኝ ኖሯል! በኔ ቃል ነው የሞተው፣ ዲዲ። ከእንግዲህ በየትኛው ፊቴ እመቤታችን ጃጋዳትሪ ፊት እቆማለሁ?»

ደጅ የተሰበሰበው ሰውም ማጉረምረም ጀምሯል። «ጸሐፊው ነው፣ በግትርነቱ ጓደኛውን በላው» የሚል ድምፅ በመስኮት ገባ። ሽማግሌው ሰሙት፤ አንገታቸውን ደፉ።

ሼፋሊ አምፖሎቹን ከቀርከሃው ጋር የምታስር ባለትዳር ናት። በረንዳዋ ከጣዎሱ ፊት ለፊት ነው። ማንዳኪኒ እዚያው በረንዳ ላይ አገኘቻት።

«መብራት ሲመለስ ምን አየሽ?»

«ምን አያለሁ፣ ዲዲ? አተር እፈለፍል ነበር። ቤቱ ሁሉ ቦግ ሲል ጣዎሱ ጨለማ እንደ ሆነ ቀረ። አተሬን ልጨርስ ስል ዓይኑ በራ። ዓይኑ ብቻ። ‹ወይ ጉድ፣ ሽማግሌው ጠቀሱኝ!› ብዬ ሳቅሁ።» ወደ ጣዎሱ ዞረች። «እሳቸው እየሞቱ እኔ እስቅ ነበር።»

«በምን ልታውቂ? አይዞሽ። ቺፑን ሲሰኩስ ነበርሽ?»

«ነበርኩ። የሠሩትን ቺፕ ጀርባውን ሲንዱር፣ እኛ ባለትዳሮች ፀጉራችን መሐል የምናደርገውን ቀይ ዱቄት፣ ሳይቀቡ አይሰኩም። ዛሬም ዱቄቱን ከኔ ነው የወሰዱት። ፕራሱን ‹ካኩ፣ ሙሽራይቱን መቼ ነው የምንድራት?› እያለ አሾፈባቸው። እሳቸውም ‹አንተ የራስህ ያልሆነውን ከምታገባ ይሻላል› አሉት።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«የጣዎሱን የክንፍ ጭፈራ ያቀናበሩት እሳቸው ናቸዋ። እሱ የኔ ነው ብሎ ኮልካታ ተሸለመበት። በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ ፊት በማይክሮፎን እናገራለሁ ብለውት ነበር።»

ማንዳኪኒ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ሦስቱንም ክበቡ ውስጥ፣ ገና ፊቷ ባልተገለጠው የጃጋዳትሪ የሸክላ ምስል ሥር አስቀመጠቻቸው።

«ደክሞኛልና አላረዝምም» አለች። «ለፍላፊው ተሰክቶ ቢሆን፣ መብራት ሲመለስ ጣዎሱ ላይ እዚህም እዚያም ብልጭ ይል ነበር። ሼፋሊ ያየችው ጨለማ ነው። ስለዚህ ያን ሰዓት ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ዝምተኛው ነው። ቆይቶ ዓይኑ ብቻ በራ። ዝምተኛው ደግሞ ካላዘዙት አያበራም። ታዲያ ሟቹ የዓይኑን ገመድ ይዘው ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ ያዘዘ ሰው አለ።»

«ግምት ነው» አለ ፕራሱን።

«ይሁን ግምት። ያ ሰው ትእዛዙን መደበቅ ነበረበት። ስለዚህ የሣጥኑን ኃይል አጥፍቶ ዝምተኛውን ነቅሎ ያለ ትእዛዝ የሚያበራውን ሰካ፤ አደጋ መሰለ። ግን የሰካው ቺፕ ጀርባ ላይ ሲንዱር የለም፤ ሟቹ ቢሆኑ ሳይቀቡ አይሰኩትም ነበር። የናቀውን ነገር ማን ያስታውሳል? ደግሞም አንተ፣ ልጄ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ‹ለፍላፊው ገደላቸው› አልከኝ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዝምተኛው እንደተሰካ ነው። ማን ነገረህ?»

ፕራሱን ወደ በሩ ዞረ፤ በሩ ላይ ኮንስታብል ቆሟል።

«የሸሚዝህን ኪስ ገልብጥልኝ።»

አልገለበጠም። ኮንስታብሉ ገለበጠው። ቺፑ አልነበረም፤ ወርውሮታል። ነጩ ኪስ ውስጥ ግን ትኩስ ቀይ ዱቄት ተቀብቷል።

«አንተ ሚስት የለህ!» ብላ ጮኸች ሼፋሊ። «የማንን ፀጉር ስትቀባ ነው?»

«ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት» አለ ፕራሱን፣ ለማንም ሳይሆን። «እንዲደነግጡ ብዬ እንጂ...»

ይዘውት ሲወጡ የደጁ ሰው መንገድ ለቀቀ። ሃራዳን ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«ዲዲ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንግዲያ ባባቶሽ አልቀየረውም?»

«አልቀየሩትም።»

«እሺ አላለኝም?»

«እሺ አላሉዎትም፣ ዳዳ። እምቢ እንዳሉዎት ነው የሞቱት።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አልለየም። «ግትር!» አሉ፤ «አቤት፣ ግትር ሽማግሌ!» ከዚያ እንባው መጣ፣ ትከሻቸውን እያናወጠ። ማንዳኪኒ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ጣቢያ የሚጠብቃት ብዙ ነበር፤ እስኪወጣላቸው ድረስ ግን አልተነሳችም።