ለመርካቶው ነጋዴ የሚላክ ፎቶ

አክስቴ ፋንቱ ከአዲስ አበባ ደውላ «የሲናን ፎቶ ዛሬውኑ ላኩልኝ፤ የልጁ እናት ሳያዩአት አይሆንም ብለዋል» ስትል እናቴ እኔን እንኳን ሳትጠይቅ «እሺ» አለች። ልጁ መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ጨዋ፣ የመስቃን ልጅ ነው። ምን ይወጣለታል? እኔ ግን አይቼው አላውቅም፤ እናቱ ከወደዱኝ ደግሞ ነገሩ አለቀ።

አዲሱ ስልኬ ፎቶ አልልክም ብሎ ስላስቸገረኝ ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የይታገሱ ሞባይል ጥገና ሄድኩ። ምን ልዋሽ፣ ቤታችን ደጃፍም ጠጋኝ አለ። ካርድ እንኳን ስገዛ አስፋልት ተሻግሬ ከይታገሱ ነበር። ቀና ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«ዳታው በርቷል፤ የኢንተርኔት ሴቲንጉ ነው ያልገባው» አለ ስልኬን ተቀብሎ።

ፊደል በፊደል ይሞላ ጀመር። ምነው ባልጨረሰ ብዬ ተመኘሁ። የባጃጆቹ ጩኸት ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሆነብኝ። ስልኩን አጥፍቶ አበራው፤ እስኪነሳ ድረስ ሁለታችንም ጨለማው ስክሪን ላይ አፈጠጥን።

«ለማን ነው የሚላከው?»

«ሊያጩኝ ላሰቡ ሰዎች።»

ጣቱ ቆመ። አንድ ነገር በል እንጂ አንተ ሰውዬ፣ አልኩ በሆዴ።

«ፎቶው የታለ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልተነሳሁም። አንተው አንሳኝ።»

ብርሃን ይሻላል ብሎ በሩ ላይ አቆመኝ። ስልኩን ከፍ ሲያደርገው ፊቱ ከኋላው ተጋረደ። እስከዛሬ ሰርቄ ያየሁትን ሰው ያን ጊዜ ሳልፈራ አየሁት። እወደዋለሁ። ፎቶው ሄደ።

ማምሻውን አክስቴ ደወለች፤ እናቴ የስልኳን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

«እህቴ፣ ሴትዮዋ ፎቶውን አይተው ሳቁ። ‹ልጅቷስ ቆንጆ ናት፤ ግን የሚያነሳትን ሰው እንዴት እንደምታየው አላያችሁም? ልጄን እንዲህ የምታይ ፈልጉለት› አሉኝ።»

እናቴ ስልኬን ተቀብላ ፎቶውን ብዙ አየችው። ቁጣዋን እየጠበቅሁ አቀረቀርኩ።

«ማነው ያነሳሽ?»

«ይታገሱ። ሞባይል የሚጠግነው።»

«እሱስ እንዲህ ያይሻል?»

«እኔ እንጃ እማ። ስልኩ ፊቱን ጋርዶብኝ ነበር።»

«እንግዲያው ነገ አንቺም አንሺውና አምጥተሽ አሳዪኝ።»

በማግስቱ ምክንያቱን ሳልነግረው አነሳሁት። እናቴ ስልኩን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች።

«በይ» አለችኝ ሳትዞር፣ «ሽማግሌ ይላክ በይው።»